ከገመድ ማዶ የቀረችው የአጣቢዋ ክፍል

ሕንፃውን ያሠሩት የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ናቸው። ሳንባቸው ተቃጥሎ ለሞቱት ሠራተኞቻቸው ሚስቶች መጠለያ ይሁን ብለው አቆሙት፤ በበሩ ራስ ላይም የገዛ ፊታቸውን በድንጋይ አስቀረጹ። ቸርነት ያለ ተመልካች ምኑ ይጥማል? እሳቸው ሲሞቱ የተረከበው ማኅበር ደግሞ ደንብ አወጣ፤ ክፍል በየዓመቱ ይፈተሻል፣ ቆሽሾ የተገኘ ይለቃል። ድሃ መሆን ተፈቅዷል፤ መምሰል ግን ክልክል ነው።

አጣቢዋ በዚህ ደንብ አረጀች። ባሏን ሳሙናው ከበላባት ጀምሮ የምትኖረው ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ነው። ባሏ በሆዷ ትቶላት የሞተውን አንድ ልጇን እዚያው ወልዳ፣ አስከሬኑንም ከዚያው አስወጥታለች። ሌላ መሄጃ የላትም። የሰው አንሶላ ስታሽ ውላ የራሷን ወለል ታሻለች፤ አዲስ ምድጃ እንስጥሽ ቢሏት እንኳ ጥላሸቱን ፈርታ እምቢ ብላለች።

የሕንፃው የምሥረታ በዓል ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ፣ "እማማ፣ እንግዶች ስለሚመጡ ክፍልዎን አደራ" አላት። ያን ጊዜማ ባሰባት።

አፏ ስለማያርፍ "ወፍጮ" የሚሏት ጎረቤቷ በበሩ ብቅ አለች። "አንቺ፣ ወለሉን ፍቀሽ ምድር ቤት ልትወርጂ ነው እንዴ?"

"ዝም በይ፣ አንቺን ነው የሚያስወጡሽ!"

እንግዶቹ መጡ። አልጋዋን፣ በሽቦ የታሰረ በርጩማዋን፣ አሮጌ ምድጃዋን አዩ። አንዷ ወይዘሮ ዓይኗን በመሐረብ ነካ ነካ አድርጋ፣ "ልክ እንደ ጥንቱ!" አለች። አጣቢዋም ተረፍኩ አለች፤ ሞኝ!

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ መጣ። "እንኳን ደስ አለዎት! ክፍልዎ የቤቱ ታሪክ መታሰቢያ ሆና ተመረጠች።"

"እሰይ፣ የኔ ጌታ! እኔስ ታዲያ?"

"ሰው ከኖረባት ዕቃው ይጎዳላ፣ እማማ።"

"አልጋዬስ?"

"የታሪክ ነው።"

"በርጩማዬንስ ልውሰዳት?"

"እሷም።"

የወፍጮን የቆሸሸ ክፍል ግን እንግዶቹ አይተው ስላፈሩ አሳደሱላት፤ ደንቡን ያስታወሰ የለም። እሷም ለአጣቢዋ ከአልጋዋ ሥር ፍራሽ ዘረጋችላት። ለአንድ ቀን እንኳ አላሾፈችባትም፤ ይኼ ደግሞ ከሁሉ ከበዳት።

አንድ ጠዋት አጣቢዋ ጨርቅ ይዛ ወደ ክፍሏ ወረደች። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። እጇን አሳልፋ በርጩማዋን ልትወለውል ስትል ዘበኛው ደረሰ።

"አይነካም፣ እማማ!"

"አቧራ ጠጥታለች እኮ፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ። አትጥረጉ ተብለናል፤ ጥንታዊ እንድትመስል ነው።"

ጨርቁን አጣጥፋ ብብቷ ከተተችና ወደ ወፍጮ ክፍል ደረጃውን መውጣት ጀመረች።