ሁለት ጊዜ የነገርኩት መርዶ

ነገሩ የሆነው አምና፣ የረመዳን ፆም ተፈትቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጭንቀት ለሰው ሲነግሩት ይቀላል ይባላል። እኔ ግን እስካሁን አልቀለለኝም።

መካነ ሰላም ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የገጠሩም የከተማውም ሰው ያውቀኛል፤ አፌም አያርፍም፣ አልደብቅም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የልጅነት ጓደኛዬ በደርግ ጊዜ ስለዘመቱ የአገራችን ሰዎች ሲያጠና፣ «በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ወታደሮችን አፈላልግልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ገበያውንም ለቅሶ ቤቱንም እያሰስኩ ስድስት ሰው አገኘሁ።

ሰባተኛው አያ ይመር ነበሩ። በገበያ ቀን ሱቄ መጥተው፣ በስልኬ እየቀዳሁ ሁሉን አጫወቱኝ። ከታናሽ ወንድማቸው ከእንድሪስ ጋር አንድ ቀን ታፍሰው ዘመቱ። አንድ ምሽግ ውስጥ ሆነው እንድሪስ አጠገባቸው ተመትቶ ሞተ። በገዛ እጃቸው ቀበሩት። ይህን ሲሉ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ሁለቱ በወታደር ልብስ የተነሱት ፎቶ እቤታቸው እንዳለ ሲነግሩኝ፣ «መጥቼ ልውሰድ?» አልኳቸው።

«ተው፣ አንተ አትልፋ። እኔው አመጣልሃለሁ» አሉኝ።

ሁለት ገበያ አለፈ፣ አልመጡም። ጓደኛዬ በስልክ ይወተውተኛል። ምን አስቸኮለኝ? አንድ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ መንደራቸው ሄድኩ።

አያ ይመር እርሻ ወጥተዋል። ቤት የነበሩት እናታቸው እማ ዘይነባ ብቻ ናቸው፤ ዘጠና ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። «መርሐባ! ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ከሳጥን ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡና፣ «ይሄ ይመር፣ ይሄ እንድሪሴ» እያሉ አሳዩኝ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ግን እዚህ አገር አድጎ የእስላሙን ወግ የማያውቅ የለም፤ የሟች ስም ሲነሳ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አክብሮቴን ላሳይ ብዬ፣ «እንድሪስ፣ አላህ ይርሀመው፣ ጎበዝ ነበር አሉ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

ጆሯቸው የደከመ መስሎኝ ጠጋ ብዬ፣ ጮክ አድርጌ ደገምኩት።

ፎቶው ከእጃቸው ወደቀ። ወይኔ! ያኔ ገባኝ። እማ ዘይነባ የልጃቸውን ሞት አያውቁም ነበር።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ ነው። እኔ ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ተናገርኩት፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጎረቤት ልኬ አያ ይመርን አስጠራሁ። እየሮጡ መጡ፤ እኔን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

«እንድሪስ ሱዳን ገብቷል አላልከኝም?» አሉ እናታቸው።

«እማ፣ ብነግርሽ ትሞችብኛለሽ ብዬ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ‹ያ አላህ፣ በሰላም መልስልኝ› ስል እየሰማህ? ለሙት የሚደረገው ዱዓ አንድ ቀን ሳይደረግለት? ሰደቃ እንኳ ሳይወጣለት?»

አያ ይመር የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ለሰደቃው ሄድኩ። ያባርሩኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እማ ዘይነባ ግን አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «አንተ ባትመጣ ልጄ ያለ ዱዓ ይቀር ነበር። አላህ ኸይርህን ያብዛው» ብለው መረቁኝ። እንግዳ እጅ የሚያስታጥቡትን አያ ይመርን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ስንት ዘመን ያበሏቸውን፣ ሲታመሙ ያስታመሟቸውን ልጃቸውን!

«ኧረ በአላህ፣ ይቅር ይበሏቸው» ብዬ ለመንኩ።

«አፉ ብዬዋለሁ። ዓይኔ ግን እምቢ አለኝ» አሉ።

ጓደኛዬ «የማይገኝ ታሪክ አመጣህልን» ይለኛል። ሌላው ሰው ደግሞ እውነት ተደብቆ አይቀርም እያለ ያጽናናኛል። ይሁን። እኔን ግን ያ ምርቃት ከብዶኛል፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ገበያ ጎረቤታቸውን አግኝቼ ስለ እነሱ ጠየቅኩት። አያ ይመር ዛሬም ለእናታቸው ምግብ ያቀርባሉ። እማ ዘይነባ የሚበሉት ግን ልጃቸው ከቤት ሲወጡ ነው።