ከአቡጀዲው ጀርባ

የእኛ ማኅበር ጽዋ አልነበረውም። የሆሳዕና ሰው ማኅበር የጊዮርጊስ ነው፣ የማርያም ነው፤ የእኛ የማንም አልነበረም። ሥራችን አንድ ነው፤ የሚታይ ወይም የሚሰማ ነገር ሲመጣ አብሮ ሄዶ፣ አብሮ አይቶ፣ አብሮ መመለስ። አዝማሪ ገባ ሲባል፣ ሞርሲቶ በኩል በመስቀል ፈረስ ይጋለባል ሲባል፣ ዐረቡ ሱቅ ውስጥ የሸክላ ዘፈን ተከፈተ ሲባል፣ ነጠላችንን አጣፍተን ብቅ ነው። ወንዶቹ "የዐይን ማኅበር" እያሉ ይስቁብን ነበር። ይሳቁ! እነሱ ብቻቸውን ቢሄዱ ማን ምን ይላቸዋል? ሴት ብቻዋን አዝማሪ ፊት ብትቀመጥ ግን ሳምንት ሳይሞላ ስሟ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ተማማልን፤ አንዳችን የማናየውን ሌላችን አናይም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ!

የንስሐ አባቴ ነገሩ አልጥም ብሏቸው "ያለ ጻድቅ፣ ያለ ሰማዕት የምን ማኅበር ነው?" ብለው ተቆጥተውኛል። እኔም ያኔ ምላሴ አያርፍም ነበርና "አባቴ፣ ዐይንስ እግዚአብሔር የፈጠረው አይደል?" አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ከመካከላችን ታላቋ እታለም ነበረች። ይህ ስሟ አይደለም፤ ታላቃችን ስለሆነች ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንጠራት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ጥጥ ፈትላ ነው ያደረችው። አንድ ልጅ ነበራት፤ ግራኝ። በግራው ይበላል፣ በግራው ይፈልጣል፣ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ያው ግራው ነው የሚቀድመው። ፊደል ያስቆጠሩት መምሬ ወደ ቀኙ ይመለስ ብለው ግራ እጁን በሲባጎ ያስሩበት ነበር። እታለም ቤት ሲገባ ትፈታለታለች። "እግዜር የሰጠውን እጅ እኔ ማን ነኝና አስራለሁ?" ትል ነበር።

ልጁ ጎርመስ ሲል የድንጋይ ግንብ ሥራ እማራለሁ ብሎ ከበቅሎ ነጋዴዎች ጋር አዲስ አበባ ሄደ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ አንድ የሙዱላ ነጋዴ መጣና፣ አዋሽ ዳር አንድ የሆሳዕና ልጅ በንዳድ ሞቶ መንገደኛ ቀበረው ሲሉ ሰማሁ አለ። የማን ልጅ? ስሙ ማን? አያውቅም። የባሏ ወንድም ግን አመነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የወንድሙ ልጅ ነፍስ ያለ ተዝካር ትቅበዘበዛለች ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። በየሳምንቱ እየመጣ "ተዝካሩን አውጪለት" ይላታል። እሷም በየሳምንቱ "ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ በጠላ አልሸኝም" ትለዋለች። በዚህ በዚህ ተኳርፈው ከረሙ።

እንዲህ እንዳለን ነው አንድ ግሪክ ሲኒማ በበቅሎ ጭኖ የመጣው። ከተማው ታመሰ። ጥላ ይሄዳል፣ ጥላ ይስቃል ተባለ። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ፤ አገረ ገዥው ግን ግቢያቸው ውስጥ ዳስ አስጣሉለት። እኛም በባሎቻችን በኩል ብዙ ለምነን ተፈቀደልን፤ ግን ከወንድ ጋር ተቀላቅለን አይደለም። ግሪኩ ዳሱ መካከል አቡጀዲ ወጥሮ ነበር። ወንዶቹ ከፊት፣ እኛ ከጀርባ እንድንቀመጥ ተደረገ። ግሪኩ ብርሃኑ ወደ እኛም እንዲያልፍ አቡጀዲውን በውሃ አራሰውና መዘውሩን ማሽከርከር ጀመረ።

ወይ ጉድ! አዲስ አበባ መጣች። ፈረሱ፣ መኳንንቱ፣ ባቡሩ። መጀመሪያ ፈርተን ተቃቅፈን ነበር፤ ትንሽ ቆይተን ግን ወሬ ጀመርን። እናላችሁ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ይጨባበጣል፤ በግራ እጁ! ወታደሩ ጠመንጃውን በግራ ትከሻው አንግቷል፤ አንድ ትልቅ ሰው ጽዋ በግራ እጃቸው ተቀበሉ። "ኧረ ምን ዓይነት ብልግና ነው!" አልኩ እኔ። የሀዲያዋ ጎረቤታችን፣ አማርኛዋን በሀዲይኛ ዜማ የምታወራው፣ "እዚያ አገር ቀኝ እጅ የለም እንዴ?" ብትል በሳቅ ፈረስን። እታለም ብቻ አልሳቀችም።

ወዲያው ግንበኞች መጡ። ከመካከላቸው አንድ ጎረምሳ ጀርባውን ሰጥቶን ድንጋይ ይጠርባል። መዶሻውን ያነሣል፣ ያሳርፋል፤ በግራው። ዞር ብሎ ላቡን በክንዱ ጠረገና ሳቀ። ፊቱ በቅጡ ሳይለይ ሥዕሉ አለፈ። እታለም ብድግ አለች። "ልጄ! ግራኙ ልጄ!" ብላ እርጥቡን አቡጀዲ በሁለት እጇ ያዘች። ከወዲያ ወንዶቹ ጮኹ፤ ጥላዋ ሥዕሉን አበላሽቶባቸው ነው። እኛ ግን እልልታውን አቀለጥነው። አፈር ስሆን፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባሌ በአገረ ገዥው ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ቤት ገብተን ራት ሳቀርብለት "ያቺ ሴትዮ ምን ነክቷት ነው? ልጁ እኮ በቀኙ ነበር የሚጠርበው" አለኝ።

"አንተ ደግሞ! በዐይኔ አይቼ!" አልኩት።

እሱም የጻፈበትን ስስ ወረቀት አንሥቶ ከኩራዙ ፊት ያዘውና "ከኋላ እይው" አለኝ። ፊደል ባልቆጥርም መስመሩ ሁሉ መገልበጡን አላጣሁትም። ያኔ የአዲስ አበባ ሰው ብልግና ገባኝ። የሚጨባበጡት በቀኛቸው ኖሯል፤ ከጀርባ ስላየነው ነው ቀኙ ግራ የሆነብን። ግራኙም ግራኝ አልነበረም።

በማግሥቱ ለሌሎቹ ነገርኳቸው። ማን ይንገራት? ማንም ደፈር አላለ። እታለም ያን ሰሞን የሌላ ሰው ፊት አውጥታ ነበር፤ ስትፈትል ታንጎራጉራለች። የባሏ ወንድም ከወንዶቹ ነገሩን ሰምቶ የንስሐ አባታችንን ይዞ መጣ። እኔንም አስጠሩኝ።

"ምን አየሽ?" አሉኝ አባ።

"ግራኝ ልጅ አየሁ፣ አባቴ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሁላችንም አይተናል።" ያየሁትን ነው የተናገርኩት። እታለም ቀና ብላ አየችኝና ወደ ፈትሏ ተመለሰች። አባም ግሪኩ ተመልሶ ሥዕሉ ደግሞ እስኪታይ ተዝካሩ ይቆይ አሉ።

ግሪኩ በዓመቱ ተመለሰ፤ ያቺኑ ሥዕል ይዞ። የባሏ ወንድም አገረ ገዥው ዘንድ ደጅ ጠንቶ፣ ሴቶች ዘንድሮ ከፊት ይቀመጡ የሚል ፈቃድ አውጥቶ ጠበቀን። "እህቴ" አላት ዳሱ በር ላይ፣ ድምፁም ለስለስ ብሎ ነበር፣ "ዛሬ ፊት ለፊት እይው። እሱ ከሆነ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ግን ልጁን እናሳርፈው።"

ፊተኛው መቀመጫ ተለቆልናል። እኛን ደግሞ እስቲ እዩን፤ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ማየት ስንመኝ ኖረን በሩ ላይ ተኮልኩለን ቀረን። እታለም የተዘረጋልንን ቦታ አየች፣ አቡጀዲውንም አየች። በርጩማዋን አንሥታ ወደ ጀርባ መሄድ ጀመረች።

"እታለም፣ ነይ እንጂ! ፊት ተፈቅዶልን!" አለቻት የሀዲያዋ።

እታለም ዞር አለች። "እናንተ እዚህ እዩ። የእኔ ልጅ ያለው በዚያ በኩል ነው" አለች።

ለካስ ታውቀው ኖሯል። አዲስ አበባ ሁሉ በግራው ሲጨባበጥ እኛ ስንስቅ እሷ ያልሳቀችው ለዚህ ነበር። ፈትል የምትፈትል ሴት የጨርቅን ፊትና ጀርባ ትስታለች ብለን፣ እኛ ሞኞቹ፣ ዓመት ሙሉ ደብቀናት ኖርን! የባሏ ወንድም አንገቱን ደፍቶ ቀረ። እኔ አለቀስኩ። ከዚያ በርጩማዬን አነሣሁ፤ የሀዲያዋም አነሣች፤ ሁሉም አነሡ። መሐላችን መሐላ ነው፤ ሄደን አብረናት ከጀርባ ተቀመጥን።

ፈረሱ አለፈ፣ ባቡሩ አለፈ። ግንበኞቹ መጡ። ልጁ በግራው ጠረበ፣ ዞሮ ላቡን ጠረገ፣ ሳቀ። እታለም በዚህኛው አልጮኸችም፤ አቡጀዲውንም አልነካችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዐይኗን ሳትነቅል፣ እስኪያልፍ አየችው። "እሰይ፣ የእኔ ልጅ" አለች ቀስ ብላ።

ስንመለስ እንደ ልማዳችን ጎን ለጎን ነበርን። ቤቷ ደጃፍ ስንደርስ እታለም ቆመች።

"ጌሾ ያላችሁ ነገ ይዛችሁልኝ ኑ" አለችን።

"ለምኑ ነው?" አለች የሀዲያዋ።

"ለልጄ ተዝካር። እስኪበቃኝ አይቼዋለሁ፤ ጠላ ልጠምቅ ነው።"

በማግሥቱ ሁላችንም ጌሾ ይዘን ሄድን።