ከጀርባዬ ያለው ብረት

ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ሰፈር ሱቅ የሚከፍት ያገሬ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። ያለውን ብረት በሙሉ ከፊት ይደረድራል። ደንበኛ የሚስተናገደው በፍርግርግ ነው፤ ዳቦውም ስኳሩም የሚወጣው እጅ በምታስገባ ቀዳዳ ነው፤ በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ ይንጠለጠላል። የኋላው ግድግዳ ግን ቆርቆሮ ነው። እኔና ባለቤቴም እንደዚያው አድርገን ነበር። ሌቦቹ የመጀመሪያውን ሱቃችንን ከኋላ እንደ ሰርዲን ከፍተው ጠራርገው ወሰዱት።

ሁለተኛውን ሱቅ ስንከፍት ለጀርባው የሚሆን ነገር ፍለጋ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። ከተጣሉ ፍሪጆች ሥር አንድ ወፍራም ብረት አየሁ። ቁመቱ የተቀመጠ ሰው ያህላል፤ ትከሻው ጋ ሰፍቶ ራሱ ጋ ይጠባል። የካዝና በር መሰለኝ። ለሦስት ሰው እንኳ ከበደ።

"ይኼን ድንጋይ ምን ልታደርጊው ነው?" አለኝ ባለቤቴ።

"እደገፈዋለሁ" አልኩት።

አስበየድኩትና ከመቀመጫዬ ኋላ፣ ቆርቆሮው ላይ አስተከልኩት። ሲሞቅ ይፋጃል፣ ሲበርድ ያንቀጠቅጣል። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይስቅብኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የውጭ አገር ሰው ይውጣልን የሚል ሰልፍ በሰፈራችን አለፈ፤ በጠራራ ፀሐይ። ባለቤቴ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ቆልፌ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰልፉ አለፈ፤ ከሰልፉ የተነጠሉት ግን በኋላ በኩል ዞረው መጡ። ዲጂኗቸው ቆርቆሮውን ቀዶ ብረቱ ላይ አረፈ። እያንዳንዱ ምት ጀርባዬን ነዘረኝ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተኮሱ። ብረቱ ጮኸ እንጂ አልተበሳም። ወደ ጎን ዞረው ሌላውን ቆርቆሮ ከመቅደዳቸው በፊት፣ ግቢውን ያከራዩን፣ ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት፣ በዙሉኛ እየተሳደቡ መጥረጊያ ይዘው ወጡባቸው። ተበተኑ።

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ንዴቱ ግን ከፍርሃቱ በለጠ። በማግስቱ በሰዓቴ ሱቄን ከፈትኩ። ከብረቱ ግራና ቀኝም ብሎኬት አስደረደርን።

ከወራት በኋላ አንድ ነጭ ሽማግሌ ፒክአፕ መኪናውን አቁሞ፣ የተጣጠፈ ሥዕል ይዞ ፍርግርጉ ጋ ቆመ። ብረት ሻጩ ነው የላከው። አስገባሁት። ሥዕሉን ከብረቱ ጋር አስተያየ፤ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ከማስታወሻው ጋር አመሳከረ፤ ከዚያ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ።

ብረቱ የድሮ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አካል ነው። ከአብራሪው ወንበር ኋላ ተተክሎ ጀርባውን ከጥይት የሚጠብቅለት። "ይቺ አውሮፕላን ግን ጦር ሜዳ አልደረሰችም" አለኝ። "ሳትሰማራ ጦርነቱ አለቀ።" ፈላጊ ሲያጡ እሷንም እህቶቿንም እንደ ውራጅ ቸረቸሯቸው። የሚበዙት ቀልጠው ድስት ሆኑ። የእሷን ጭራ አንድ ገበሬ ግቢ የዶሮ ቤት ሆኖ አገኘው፤ ጎማዋን የበቆሎ ጋሪ ላይ፤ የአፍንጫዋን መስታወት አንዲት ሴት የቲማቲም ችግኝ ስታፈላበት። ዓመታት ሙሉ እየዞረ ለቅሞ መጋዘን ውስጥ ገጣጥሟታል። የቀረው ይኼ ብረት ነው። በምትኩ ግድግዳዬን በሙሉ በብሎኬት ሊሠራልኝ ቃል ገባ።

ታሪኩን ወደድኩት። ጥያቄውን ግን ጠላሁት። ለቦምብ የተሠራ ነገር ዶሮ ሲያሳድር፣ ቲማቲም ሲያበቅል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

"ከዶሮ ወስደዋል፣ ከቲማቲም ወስደዋል" አልኩት፤ "አሁን ተራው የእኔ ነው?"

"ሙዚየም ነው። ሰው ያየዋል። ታሪክ ነው።"

"አውሮፕላንዎ ይበራል?"

"አይበርም።"

"የሚተኩስበት አለ?"

"የለም።"

"እኔ ላይ አለ።"

በውጭ በኩል ይዤው ዞርኩና ሁለቱን ስርጉዶች አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ጣቱን ከተተባቸው። መነጽሩን መልሶ አድርጎ ሄደ።

ባለቤቴ ሲሰማ ተቆጣ። "ሙሉ ግድግዳ ሊገነባልሽ መጥቶ እምቢ ትያለሽ? ብሎኬት ምን አለው?"

"ብሎኬት ጥይት ይመልሳል?"

ያን ቀን ብረቱን ተደግፌ የተቀመጥኩት እኔ እንጂ እሱ አልነበረም፤ ያንን ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ብረቱን ድንጋይ ብሎት አያውቅም።

ሽማግሌው በሳምንቱ ተመለሰ። ለመለመን አይደለም፤ ትልቅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ነው። "ልኩን ልውሰድ ብቻ" አለ። ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት። ጫፉን፣ ትከሻውን፣ ሁለቱን ስርጉዶች ሳይቀር ነደፈ።

አውሮፕላኗን ለሰው ያሳየ ቀን እኔንም ባለቤቴንም ጠራን። መሰላል አስወጥቶ በአብራሪው ወንበር አስቀመጠኝ። ደገፍ ስል ከኋላዬ ሲጥ አለ፤ ግራጫ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሁለቱን ስርጉዶች እንኳ በመሮ አውጥቶበታል።

ከበታች አንድ ክራባት ያሰረ እንግዳ ለሚስቱ ያስረዳል። "እነዚያን ሁለቱን አየሽ? በጦርነቱ የተመታችበት ነው።"

ሽማግሌው አፉን ከፈተ፤ እኔ ቀደምኩት። "አይደለም" አልኩ ከላይ፤ መጋዘኑ ሁሉ ዞረ። "በጦርነቱ ማንም አልመታትም። ዋናው ብረት የተመታው ቴምቢሳ ነው። እኔ ዳቦ የምሸጥበት ሱቅ ውስጥ።"

ባለክራባቱ ሰውዬ ፊቱ ቀላ። ሽማግሌውን አየሁት። "ይጻፉት" አልኩት።

ከኪሱ እርሳስ አወጣ፤ ከብረቱ አምሳያ ሥር ባለችው ካርድ ላይ እያየሁት ጻፈው፤ የሰፈሩን ስም ፊደል በፊደል ነገርኩት። ከዚያ ወርጄ ባለቤቴን ጠራሁት፤ ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ሄደን ከፈትን።