በሰው ደብተር የገባ ገንዘብ

ሱሀይላ እስከ ባንኩ በር ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። በመጀመሪያው ቀን ሰልፉ በዛብኝ ብላ ነው የሄደችው፤ የቆመው ግን ሦስት ሰው ነበረ። በሁለተኛው ጥበቃው ቦርሳዋን ፈትሾ «ግቢ» ሲላት፣ «ወረቀቴን ቤት ረስቼው» አለችና ወጣች። ወረቀቱ ብብቷ ስር ነበረ።

ዛሬ ጎረቤቷ እትዬ በዛች አብረዋት መጡ።

«ዛሬ ብትመለሺ እኔ አልመለስም» አሏት በሩ ላይ። «በዚህ ጉልበቴ ዳገቱን የወጣሁት ጥበቃውን ሰላም ልል ነው እንዴ?»

«እሺ እትዬ። ትንሽ ልተንፍስ።»

«ቤትሽ ተንፍሰሽ አትመጪም ነበር?»

ሱሀይላ የምትፈራው ባንክን ብቻ አይደለም። ቢሮ የተባለ ሁሉ ያስፈራታል። ወረቀት ፊቷ ሲዘረጋ ፊደሉን ለቅማ ሳትጨርስ የቢሮው ሰው ቀና ብሎ ያያታል፤ ያኔ የምታውቀውም ይጠፋታል። አባቷ የዚሁ የመካነ ሰላም ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው የመን ገቡ፣ ሁዴይዳ ላይ አገቡ፣ ሱሀይላንና አሚራን ወለዱ። ጦርነት መጥቶ እናትየዋ ሲሞቱ ልጆቻቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። የእሳቸው ወረቀት እዚያው ጠፍቶ ቀረ። ልጆቹ የገቡት በእናታቸው አገር ፓስፖርት ነው። አማርኛ ቢናገሩም፣ አጎትና አክስት ቢኖራቸውም፣ በወረቀት የውጭ ዜጋ ናቸው። አባትየው ይሄን ሳያስተካክሉ ሞቱ። ስለዚህ ሱሀይላ በየዓመቱ አዲስ አበባ ወርዳ የመኖሪያ ፈቃዷን ታሳድሳለች። በየዓመቱም «በምን ትኖሪያለሽ?» ይሏታል። «እህቴ ትልክልኛለች» ትላለች። እስካሁን በዚሁ አልፋለች።

አሚራ ጅዳ የሰው ቤት ትሠራለች። መጀመሪያ ገንዘብ የላከች ጊዜ የሱሀይላ ፓስፖርት ለእድሳት አዲስ አበባ ነበረ፣ ያለ እሱ ደግሞ የባንክ ደብተር አይወጣም። እትዬ በዛች «ለጊዜው በኔ ደብተር ይግባ» አሉ። ለጊዜው የተባለው ስድስት ዓመት ሆነው። በሰፈሩ እንግዳ ነገር አይደለም። የአንዷ እህት የላከችው በሌላዋ ደብተር ይገባል፣ ሲመጣ ቆጥረው ይሰጣጣሉ። እትዬ በዛችም አንድ ብር አጉድለውባት አያውቁም።

ባለፈው ወር አሚራ ደወለች። «ወገቤ አልቋል፣ ሱሂ። ውሌ አምስት ወር ነው የቀረው፣ ከዚያ እመጣለሁ» አለች።

ሱሀይላ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ምግብ አልወርድ አላት። አሚራ ከመጣች ላኪ የለም። ላኪ ከሌለ «በምን ትኖሪያለሽ?» ሲሏት ምን ልትል ነው? ፈቃዱን ቢከለክሏት ወዴት ትሄዳለች? ሁዴይዳ የቀረ ሰው የላትም። ስፌት ግን ታውቃለች፣ ከእናቷ ነው የተማረችው። የስፌት መኪና ብታገኝ መተዳደሪያ ይሆናት ነበር። ባንኩ ከወለድ ነፃ በሚባለው በኩል መኪናውን ራሱ ገዝቶ ይሰጣል፣ በየወሩ ይከፈለዋል አሏት። የሰፈሩ መምህር ኪዳነማርያም «በደሞዜ ዋስ እሆንሻለሁ» አላት። የቀረው መግባት ብቻ ነበረ።

ገቡ።

የብድር ሠራተኛው አምላኩ ይባላል፣ ገና ወጣት ነው። ወንበር አሳያቸው። ሱሀይላ የመምህሩን የዋስትና ደብዳቤ ሰጠችውና ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«የወር ገቢሽ ስንት ነው?»

«እህቴ ትልክልኛለች፣ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበይኝ፣ እናቴ ከሰማች ትስቅብኛለች። እዚህ አገር የምታገኚው ማለቴ ነው። ደሞዝ፣ ኪራይ፣ ንግድ?»

«እዚህ... እዚህ እንኳ የለኝም።»

አምላኩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲህ የውጭ ዜጋ ነሽ፣ የአገር ውስጥ ገቢም የለሽም። ያለው መንገድ አንድ ነው። ከውጭ የሚላክልሽ ገንዘብ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይቋረጥ በሂሳብሽ ከገባ፣ እንደ ገቢ ይያዝልሻል። የሂሳብ ቁጥርሽን ንገሪኝ።»

ሱሀይላ ወደ እትዬ በዛች ዞረች። በሰው ስም ነው ብትል ማን ይጠየቃል? እሷ ነች ወይስ እትዬ በዛች? ከመስታወቱ ማዶ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ያወራል፣ በሩ ላይ ጥበቃው መሣሪያውን ይዞ ቆሟል። ሁለቱም እሷን የሚያዩ መሰላት።

እትዬ በዛች ከመቀነታቸው በፌስታል የተጠቀለለውን ደብተር ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይሄው ልጄ፣ በዚህ እየው።»

አምላኩ ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ፈካ። «እናቴ፣ እርስዎ እኮ ትልቅ ደንበኛ ነዎት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከጅዳ ሳይቋረጥ! ልጅ አለችዎት እዚያ?»

እትዬ በዛች የወለዱት ልጅ የለም። ከጠረጴዛው ስር የሱሀይላን ጉልበት ጫን አሉና «አለችኝ» አሉ።

«ታዲያ ይቺን ልጅ ምን አስለፋት? እርስዎ ይውሰዱላት። እዚህ ይፈርማሉ፣ መኪናው በሁለት ሳምንት ይመጣል። ገንዘቡ የራሴ ነው፣ ዕዳውንም እኔ እከፍላለሁ ብለው ነው የሚፈርሙት። ካልተከፈለ እርስዎ ይጠየቃሉ፣ የመምህሩም ደሞዝ ይያዛል። መጻፍ ይችላሉ?»

«ኧረ ጣቴ ይበቃል።»

የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ ገፋላቸው። እትዬ በዛች አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሱሀይላ ያን ጣት አየችው። ፈቃዷን ቢከለክሏትስ? አሚራ ታማ ብትመጣስ? እሷ አውቶቡስ ተሳፍራ ስትሄድ እኚህ ሴትዮ በእርጅናቸው ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ታያት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፣ ሌላ የላቸውም። ጣቱ ቀለሙን ነካ። ወደ ወረቀቱ ሄደ።

«የሳቸው አይደለም» አለች ሱሀይላ።

ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት። ደገመችው። «ገንዘቡ የኔ ነው። እህቴ ናት የምትልከው። እሳቸው ስማቸውን ነው ያዋሱኝ።»

አምላኩ እጁን ከኮምፒዩተሩ አነሳ። ወደ መስታወቱ ክፍል አየ፣ ከዚያ እነሱን አየ። ሱሀይላ አሁን ይጠራዋል ብላ ጠበቀች።

«ይሄን ለሥራ አስኪያጁ መንገር ነበረብኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። ደብተሩን ወደ እትዬ በዛች መለሰ። «እናቴ፣ ከእንግዲህ የሰው ገንዘብ አያስገቡበት። አንድ ቀን መከራ ያመጣብዎታል።» ወደ ሱሀይላ ዞረ። «አንቺ ዛሬውኑ በስምሽ ክፈቺ። ስድስት ወር ይግባበትና ነይ፣ እኔው አስተናግድሻለሁ።»

«እህቴ አራት ወር ነው ያላት።»

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ እህቴ።»

ፓስፖርቷንና ፈቃዷን ሰጠችው። የምትፈርምበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ። በአማርኛ ስሟን አጣማ ነው የምትጽፈው፣ አፈረች።

«በዐረብኛ ቢሆንስ?»

«በፈለግሽው ይሁን፣ ብቻ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን።»

ከቀኝ ወደ ግራ ጻፈችው።

ውጭ ጉም ወርዶ መንገዱ አይታይም። እትዬ በዛች አውራ ጣታቸውን እያሹ ወጡ።

«በከንቱ ጣቴን አጠቆርሽው። እኔ ልፈርም ተነስቼ አንቺ ምን አናገረሽ?»

«ፈራሁ እትዬ።»

«መቼ ነው ያልፈራሽው አንቺ? እዚያ ውስጥስ እኔም ፈርቻለሁ። ያ ልጅ ቢጮህ ኖሮ ወላሂ እዚያው ነበር የምቀረው።»

ሱሀይላ ግድግዳ ተጠግታ ስልኳን አወጣች። ጽሑፍ ስለማይሆንላት በድምፅ ነው የምትልከው። «አሚራ፣ ደብተር አወጣሁ፣ በስሜ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በሱ ላኪ» አለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ለማለት ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ አጠፋችው። በአራተኛው አለችው። «ስድስት ወር ይላሉ። ሁለት ወር... ሁለት ወር ጨምሪልኝ።»

ቆመው ጠበቁ። እትዬ በዛች ስልኩን ከእሷ ጋር አጎንብሰው ያዩታል።

መልሱ መጣ። አጭር ነበረ። አሚራ «እሺ» ነው ያለችው። ከኋላዋ የሴት ጩኸት ይሰማል፣ የሚወርድ ውኃም።

«እሺ አለች አይደል?» አሉ እትዬ በዛች።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ሱሀይላ መልሱን እንደገና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። እሺ ያለችበት ድምፅ አሚራ ለማዳሟ የምትመልስበት ድምፅ ነበረ።