አማቴን ምስክር ቆጠርኩ

ያን ዕለት ለቅሶ ልንደርስ ነበር የወጣነው። አማቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ባለቤቴ ከኋላ። ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ያለው መንገድ እንደ ልማዱ ቆሞ ቆሞ ይሄዳል። እኔ ደግሞ «ለምን አርፍደን ወጣን?» እያልኩ ከባለቤቴ ጋር በመስታወት እየተያየሁ እጨቃጨቃለሁ። አየር ጤና ስንደርስ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ።

«መንጃ ፈቃድ» አለ ትራፊክ ፖሊሱ።

ሰጠሁት።

«ወደ ግራ መታጠፍ ክልክል መሆኑን አላዩም?»

«ምልክቱ የታለ?»

በጣቱ ወደ ኋላ አሳየኝ። ከመታጠፊያው ጥግ አሸዋ የጫነ አይሱዙ ቆሟል፤ ምልክቱ ከአይሱዙው ጀርባ ነው።

«እንዲህ ተጋርዶ እንዴት አድርጌ ልየው?»

«ይታያል» አለና መጻፉን ቀጠለ። መንጃ ፈቃዴን ወስዶ የክስ ወረቀት ሰጠኝ።

ያየኝ ሁሉ «ክፈልና ተገላገል» አለኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጥፋቴ ነው ብዬ ሳላምን ከፍዬ ተገላግያለሁ። ሦስተኛው ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ደግሞስ እኔ ማን ነኝ? አነስተኛ የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ፤ እንጀራዬ የሰው አቤቱታ መጻፍ ነው። ስንቱን ባለጉዳይ «ዝም አትበል፣ መብትህ ነው፣ ተከራከር» ስል ኖሬ በራሴ ሲደርስ አንገቴን ልደፋ? ጥፋተኛ አይደለሁም አልኩ። ፍርድ ቤት ተቀጠርኩ።

መልሴን ሦስት ገጽ አድርጌ ጻፍኩት። አይሱዙውን በስልኬ አንስቼው ስለነበር ፎቶውን አሳትሜ አያያዝኩ። ባለቤቴ ለእኔ ታዳላለች እንዳይባል ብዬ አማቴን ምስክር ቆጠርኩ። አማቴ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ነግደዋል። ሚዛናቸውን የሚጠራጠር ሰው በሰፈሩ አልሰማሁም። ከእሳቸው የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

«እማማ፣ ዳኛ ፊት ይቆሙልኛል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምን ልበል?»

«ያዩትን ብቻ ይናገሩ።»

«ያየሁትንማ እናገራለሁ» አሉ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ሱቄን ዘግቼ፣ አማቴን ይዤ፣ በጠዋት ሄድኩ። እስከ እኩለ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዋልን። ስሜ ተጠርቶ ስገባ ትራፊክ ፖሊሱ የለም፤ መጥሪያ አልደረሰውም ተባለ። ሌላ ቀጠሮ። በሁለተኛው እሱ መጣ፣ እኛም መጣን፤ ዳኛዋ ግን ስብሰባ ገብተዋል። አንዲት ጸሐፊ በር ላይ ቆማ ቀጠሮዎቹን አነበበችና ሄደች። ይቅርታ የሚል ሰው አልነበረም። በዚያን ቀን አማቴ ጉልበታቸውን አሟቸው ደረጃውን የወረዱት ተደግፈውኝ ነው። እኔ በንዴት ተንተከተክኩ።

ሦስተኛው ቀን ጉዳዩ ተሰማ። ትራፊክ ፖሊሱ ያየውን በአጭሩ ተናገረ። እኔ መስቀለኛ ጥያቄ አቀረብኩ፤ አይሱዙው ቆሞ ነበር ወይስ አልነበረም? ነበር። ምልክቱ ፊት ነው የቆመው? አዎ። ደረቴ ተነፋ።

ከዚያ አማቴ ተጠሩ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው እውነት ሊናገሩ ማሉ። ዳኛዋ በአክብሮት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቋቸው።

«እናቴ፣ መኪናው ውስጥ የት ነበር የተቀመጡት?»

«ከፊት። ከእሱ ጎን።»

«ወደ ግራ መታጠፍ የሚከለክለውን ምልክት አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

የተሳሳቱ መሰለኝ። «እማማ፣ አይሱዙው እኮ...» ስል ዳኛዋ ዝም አሰኙኝ።

«መኪና አልጋረደውም?» አሏቸው።

«አጠገቡ ስንደርስ ጋረደው። ከሩቅ ስንመጣ ግን ከላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ቀይ ክብ ነው፤ ቀስቱ ተሰርዟል። ልነግረው ነበር። እሱ ግን ከልጄ ጋር ይጨቃጨቃል። በባልና ሚስት መሀል ምን ብዬ ልግባ?»

ከኋላዬ ሰው ሳቀ። ፊቴ እሳት ሆነ። ጥፋተኛ ተባልኩ፤ ቅጣቱም የጥፋት ነጥቡም ጸና። ሦስት ገጼን ዳኛዋ ገለጥ ገለጥ አድርገው መዝገቡ ውስጥ ከተቱት።

ውጭ ስንወጣ ልናገራቸው ፈለግሁ፤ አማት ናቸው፣ ምን ይባላል? ትራፊኩ ላይ እንዳልጮህ ሰውየው ልክ ነበር። ዳኛዋም ልክ ናቸው። ሦስት ቀን ሱቄን ዘግቼ የተበሳጨሁበት ነገር ሁሉ እጄ ላይ ሟሟ። ንዴቱ ግን አልሟሟም፤ የሚያርፍበት ብቻ አጣ።

«ተቀየምከኝ?» አሉ አማቴ።

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ፣ ልጄ? ያዩትን ይናገሩ አልክ እንጂ ምን አዩ አላልክም።»

ሱቄ ለሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ «ምስክርህ ምን አይቷል?» የሚለው ነው። የገዛ አማቴን ግን፣ ሦስት ጊዜ ጎናቸው ተቀምጬ ስውል፣ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። እኔ ያላየሁትን እሳቸውም አላዩም ብዬ ነበር የደመደምኩት።

ከዚያው አማቴን ይዤ ቅጣቱን ልከፍል ስሄድ ሲስተም የለም ተባልኩ። «ነገ ይምጡ» አለችኝ በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አማቴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ይቺንም ከሰህ እኔን ምስክር ልትቆጥር ነው?»

ሳቄ ሳላስበው አመለጠኝ፤ ብስጭቴ ግን እዚያው ነበር። እሳቸውን ቤታቸው አድርሼ ሱቄን ከፈትኩ። በነጋታው ብቻዬን ተመልሼ ተሰለፍኩ።