ዳቦ የሚችል ሻይ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ኡራኤል አካባቢ አዲስ ወደተከፈተ ካፌ ወሰደችኝ። ሻይ ሳዝዝ ክር የተንጠለጠለበት ከረጢት ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ መጣልኝ። አስተናጋጇን ዳቦ ብጠይቃት ኬክ እንጂ ዳቦ የለንም አለችኝ።

"አክስቴ በዳቦ ካልፈተነችው ሻይ አትጠጣም፤ በቃ፣ ሙያዋ ነው" ብላ የእህቴ ልጅ ሳቀችብኝ። "ግን ይሄን ማን ነው ያስተማረሽ?"

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዬን በሙሉ የሰጠሁት መልስ አንድ ነው። "ልምድ ነው" አልኳት። ካዛንቺስ ቤቴ እስክገባ ድረስ ግን ውሸቱ ሲከነክነኝ ቆየ።

በወጣትነቴ ባምቢስ አጠገብ በአንድ አነስተኛ የሻይ ማሸጊያ ውስጥ እሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዋናው ቀማሽ ከጋሽ ተካ ጋር ዓይኔን ጨፍኜ እቀምሳለሁ። ነጫጭ ስኒዎች ይደረደራሉ፤ ሻዩ ያለ ስኳር ይቀዳል፤ በማንኪያ ተጨልፎ ፉት ይባልና ምላስ ላይ ተንከባሎ ባልዲ ውስጥ ይተፋል። ፉት ሲባል ደግሞ ድምፅ ማሰማት ግድ ነው። እናቴ ሻይ ስጠጣ ድምፅ ካሰማሁ ጭኔን እየቆነጠጠች ነው ያሳደገችኝ፤ ያንን ነውር ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ጋሽ ተካ ጡረታ ሊወጡ ስለነበር መቅመሻ ማንኪያቸው ከቦታቸው ጋር ለእኔ እንደምትተርፍ አልተጠራጠርኩም።

ራሂማ የመጣችው በክረምት ነው። የቂርቆስ ልጅ ናት፤ እናቷ እዚያው ሻይ ቤት አላቸው። ለማሸግ ተቀጥራ በወሯ ከእኛ ጋር መቅመስ ጀመረች። የመጀመሪያ ቀን ፉት ስትል ድምጿ ክፍሉን ሞላው፤ ቅንጣት አላፈረችም።

"ጋሼ፣ ይሄኛው፣ ማለቴ፣ ጭስ ነክቶታል" አለች።

ጋሽ ተካ ደግመው ቀመሱና "እውነቷን ነው" አሉ። እኔ ያን ጭስ አላገኘሁትም ነበር።

ቀናሁ። ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም። ሳቋም፣ የሻርፗ ቀለምም፣ የምሳ ዕቃዋ መክደኛ ድምፅ ሳይቀር ያሳርረኝ ጀመር። ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ ሲጸልይ እሰማ ነበር፤ እኔም የሰው ጸሎት መልስ ልሆን እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ነው።

መስከረም ላይ አዲስ የቁርስ ሻይ እንዲወጣ ተወሰነ። ጥቁርና ጠንካራ መሆን አለበት ተባለ። ጋሽ ተካ ሁለታችንም የየራሳችንን ቅይጥ እንድናዘጋጅ አዘዙንና "ማንኪያዬን ማን እንደሚይዛት በዚሁ እለያለሁ" አሉ። እኔ መዓዛው የሚያውድ የደጋ ቅጠል አበዛሁ። የእሷ ደግሞ ደቃቅ ቅጠል የበዛበት፣ አፍ የሚይዝ ነገር ነበር። ምን አስባ እንደዚያ እንዳደረገች ስላልገባኝ ይበልጥ ተንገበገብኩ።

እሑድ ጠዋት ነጠላዬን ተከናንቤ ቂርቆስ እናቷ ሻይ ቤት ሄድኩ። ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው አግዳሚውን ሞልቶታል። ሁሉም ሦስት ማንኪያ ስኳር ያማስልና ጥቁር አዝሙድ ያለበትን ትኩስ ዳቦ ይነክራል። እናቷ አያውቁኝም፤ ለእኔም እንደዚያው አቀረቡልኝ። ሻዩ ግሩም ነበርና ምስጢሩን ጠየቅኋቸው።

"ምን ምስጢር አለው ልጄ" አሉኝ ጠረጴዛውን እየወለወሉ። "ሻይ ባዶውን ማን ይጠጣዋል? ስኳሩንም ዳቦውንም ችሎ ሻይ ሻይ ካለ፣ እሱ ሻይ ነው። የኔ ልጅ ይሄንኑ ሥራ ይዛለች። እዚያ አንዲት ልጅ አለች አሉ፣ አፍንጫዋ የማይለየው ቅጠል የለም። የኔዋ በእሷ ቅናት ልትሞትብኝ ነው።"

ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ደስታው ግን ብርጭቆዬ ሳይጎድል አለቀ። ስወጣ ሁለት ዳቦ ገዛሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ተካ ሁለቱንም ሻይ ባዶውን ቀመሱና የእኔን ወደዱት። እዚያ ላይ ቢቆም ማንኪያዋ የእኔ ነበረች። ነገር ግን ራሂማ ለመናገር ጉሮሮዋን ስትጠርግ አየሁ። ምን ልትል እንደሆነ አውቃለሁና ቀደምኳት።

"ጋሼ፣ የቁርስ ሻይ እኮ ባዶውን አይዳኝም" አልኩ። በሁለቱም ላይ ስኳር ጨመርኩ፤ ዳቦውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ቆረስኩላቸው።

የእኔ ሻይ የስኳር ውኃ ሆኖ ቀረ። የራሂማው ግን ዳቦው ውስጥ ገብቶም ሻይ ነበር። ጋሽ ተካ ሁለቱንም ደግመው ቀመሱና፣ "የሚወጣው የራሂማ ሻይ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "መለኪያውን ያመጣሽው ግን አንቺ ነሽ። ገበያው እንዴት እንደሚጠጣ የሚያውቅ ነው ቀማሽ የሚሆነው።" ማንኪያዋንም ለእኔ ሰጡኝ።

ራሂማ ቁራሽ ዳቦዋን ቀስ ብላ አላመጠችና አየችኝ። ስኒዎቹን አብረን ስናጥብ ነው የተናገረችው፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

"እማዬ አንዲት ልጅ መጥታ ነበር ብላኛለች። ሻይ ስትቀምስ ዓይኗን ትጨፍናለች አለችኝ።"

"ራሂማ..."

"ዳቦው ደርቋል። በትኩሱ ቢሆን ጥሩ ነበር።"

ሌባ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ጥቅምት ሳያልቅ ሥራውን ለቃ እናቷን ልታግዝ ተመለሰች። በቂርቆስ በኩል ማለፍ ሲኖርብኝ ለዓመታት ዙሪያውን ሄድኩ፤ አሁን ሻይ ቤቱም የለም። ሁለታችንም ቀንተን ነበር። እሷን ቅናቷ ሥራ አስተማራት፤ እኔን ነጠላ አከናንቦ ሰው ቤት ሰደደኝ።

እሑድ ጠዋት ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት።

"ትናንት ለጠየቅሽኝ፣ ያስተማሩኝ የራሂማ እናት ናቸው።"

"ራሂማ ደግሞ ማናት?"

"የቁርስ ሻዩን ያዘጋጀችው።"

"እንዴ፣ እሱ ያንቺ አይደል እንዴ?"

"የኔ ማንኪያዋ ብቻ ናት" አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ከዚያው ከራሂማ የቁርስ ሻይ አፈላሁ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩበት፤ ዳቦ ቆርሼ ነከርኩ። አሁንም ሻይ ነው። አሁንም ቀናሁ።