ሁለት ጣት ክፍተት

ኤልዮዶሮ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግረው ሰው የለም። ልጁ ሚሬያ ደግሞ በእናቷ ቀብር ማግስት ከተጣላችው ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ፣ ስልኩን አታነሳም። ለሰውዬው የቀረለት ብየዳው ብቻ ነው። ታልካዋኖ ከተማ ውስጥ በሚሠራው አዲስ ክሊኒክ ሲበይድ ያረፍዳል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ዳቦና አቮካዶውን እየበላ በቀልድ ይሰዳደባል።

“ሽማግሌው፣ ዛሬም ብቻህን አደርክ?” ይለዋል የሥራ ጓደኛው ኒባልዶ።

“ሚስትህ መቼ ለቀቀችኝ!”

ቀኑን የምታስገፋው ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት።

አርብ ዕለት ኢንጂነር ኢሲዶራ በያጆቹን ሰበሰበችና አንድ ቆርቆሮ አጥፋ አሳየቻቸው። “ምድር ስትንቀጠቀጥ ከማዕዘን ማዕዘን የተጋደመው ሰያፍ ብረት ይጎብጣል፤ መጉበጥም አለበት። ጫፉን የያዘው ላሜራ አብሮት እንዲታጠፍ ነው በብረቱ ጫፍና በማዕዘኑ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት የተውነው። እዚያ ላይ ብረት የጨመረ ሰው አጠነከርኩ ብሎ ይፈጀናል። ላሜራው መታጠፍ ሲያቅተው ይቀደዳል።”

ኤልዮዶሮ ክው አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የአራቱንም ማዕዘን ክፍተት የሞላው እሱ ነው! ሚሬያ እዚያ ፎቅ ላይ ነርስ ሆና እንደምትገባ ከጎረቤት ሰምቶ፣ ክፍተቱን ሲያይ “ይኼማ ሳስቷል” አለና ተቆጣጣሪው ፈትሾ ከወረደ በኋላ ወፍራም ብረት ደርቦ በየደበት። ብየዳውን ብታዩት ደግሞ እንዴት ያምራል መሰላችሁ!

ሰኞ የእሳት መከላከያው ቅብ ይረጭበታል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያያል? ዝም ካለ ሥራውም ምሳውም የኒባልዶ ስድብም አለ። ከተናገረ ግን በየብየዳው ጎን የሚመታውን የራሱን የፈቃድ ቁጥር ይነጠቃል፤ ቁጥር የሌለውን በያጅ ደግሞ ማንም አያስጠጋውም።

ቢሮዋ ድረስ ተከትሏት ሄደ። “ኢንጂነር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍተቱን ሞልቼዋለሁ።”

“አንጋፋው! እርስዎ? አርባ ዓመት የበየዱ ሰው? ለምን?”

“ልጄ እዚያ ልትሠራ ነው።”

ኢሲዶራ የበያጆቹን መዝገብ ገለጠች። “ቁጥርዎን መውሰዴ ግድ ነው” አለች በመጨረሻ።

ትርፉን ብረት የቆረጠው ኒባልዶ ነው። ኤልዮዶሮ እቃውን ሰብስቦ በአጠገቡ ሲያልፍ ኒባልዶ ቀና ብሎ አየው፤ አልሰደበውም። ኤልዮዶሮን ከሁሉም ያመመው ይኼ ነው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ኤልዮዶሮ እቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ለልጁ ደወለ። እንደ ወትሮው አልተነሳም። “መልእክት ይተዉ” አለው የተቀዳው ድምፅ።

“ሚሬያ፣ እኔ ነኝ። ክሊኒኩ ደህና ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ ብረቱ ሲያቃስት ብትሰሚ እንዳትደነግጪ፤ እንዲያ ነው የሚሠራው። እኔም ደህና ነኝ። ይኸው ምሳ ላይ ነን።”

ማድ ቤቱ ውስጥ ከማቀዝቀዣው በቀር ድምፅ አልነበረም።

“በይ፣ የሥራ ጓደኞቼ እየጠሩኝ ነው” አለና ዘጋው።